ባላምባራሱና የሚካኤል ዝግባ

በእኛ አገር አንድ ሰው፣ ሌላው እጁ ሥራ ላይ ሳለ መጥቶ «እኔን አላያችሁኝም ወይ?» ብሎ ቢኮሳተር፣ ሽማግሌዎች ዞር እንኳ ሳይሉ የሚወረውሯት አንዲት ተረት አለች። ወጣቶቹ ይስቁባታል። እንግዳ የሆነም ሰው ነገሩ ሳይገባው አብሮ ይስቃል። እኔ አልስቅም። ሰው ተረት ሁሉ ከሰማይ የወረደ ይመስለዋል፤ አንዳንዱ ግን ከሰው ገላ ላይ የተቆረጠ ነው። ይህችኛዋ የተወለደችበትን ቤት አውቀዋለሁ፤ የተፀነሰችበትንም ቀን ቆሜ አይቻለሁ። ታሪኩን ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ መሳቅ የፈለገ ይሳቅ።

ደብራችን ዝግባ ሚካኤል ይባላል። ስሙን ያገኘው ከቅጥሩ ደጃፍ ከቆመ አንድ ዛፍ ነው። አያቶቻችን «የእኛም አያቶች እንዲሁ እንዳለ ነው ያገኙት» ይሉን ነበር። ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፈውም። ያን ዛፍ አንድ የነሐሴ ነፋስ ከነሥሩ ነቅሎ የቅጥሩ ካብ ላይ ጣለው። ሴቶቹ እንደ ሰው አለቀሱለት። ካህናቱና ሽማግሌዎቹ መከሩና «የሚካኤል ዛፍ ለማገዶ አይውልም፤ ጣውላ ይውጣውና ለሽመል ወንዝ ድልድይ ይሁን» ተባለ።

አሳቡ መልካም ነበር። ሽመል ሲሞላ ጤና ጣቢያውም፣ ገበያውም፣ ትምህርት ቤቱም ከማዶ ይቀራሉ። በየክረምቱ ሰው ይወስዳል። ምጥ የያዛት ሴት ዳር ላይ ተኝታ ውኃው እስኪጎድል ስትጠብቅ ያላየ የእኛ አገር ሰው የለም።

ነገር ግን ያን የሚያህል ግንድ በእጅ መጋዝ ማን ይሰነጥቀዋል? ስለዚህ ከእንጅባራ በኩል ልየው የሚባል ሰው ተጠራ። ልየው ተንቀሳቃሽ መሰንጠቂያ አለው። በሁለት ጎማ ላይ የተቀመጠ፣ በትራክተር የሚጎተት ነው፤ ዛፉን ወደ መጋዝ ቤት ከመውሰድ መጋዝ ቤቱን ወደ ዛፉ ያመጣል ማለት ነው። ሰውየው ግን ለጉርብትና የሚሆን አልነበረም። ይሳደባል። ጾም አይል ፍስክ አይል፣ ቄስ ፊትም ይሳደባል። ጠላ ሲቀርብለት «እግዜር ይስጥልኝ» ሳይል ጨልጦ ጣሳውን መሬት ላይ ይጥላል። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ደቦ የወጣነውን ሁሉ ሰብስቦ፣ መጋዙ ላይ አንድ እግሩን ሰቅሎ፣ እንዲህ አለን፦

«ስሙ! ይህ ግንድ ወድቋል እንጂ አልተኛም። የሚተኛበት ቦታ እየፈለገ ነው፤ የአንዳችሁ ደረት ቢመቸው እዚያው ይተኛል። ሁለት ነገር ብቻ ያዙልኝ። ከግንዱ በታች፣ በቁልቁለቱ በኩል፣ ሰው አይቆምም። ንጉሥም ቢመጣ አይቆምም! ሁለተኛው፣ ሽብልቅ የሚያስገባው ሰው ‹ገባ!› ሳይል ገመድ የሚለቅ እጅ እንዳላይ። ዓይናችሁ ውስጥ ዝንብ ብትገባ እንኳ አትለቁም።»

«አባቴ ቢሞትስ?» አለ አንዱ ቀልደኛ።

«ሽብልቁ ከገባ በኋላ ታለቅሳለህ» አለው። ያን ጊዜ ሁላችንም ሳቅን።

ሥራው እንዲህ ነው። ግንዱ አስቀድሞ በመካከሉ እየተቆረጠ በቁራጭ በቁራጭ ሆኗል፤ ቁራጩም ራሱ ከበሬ ይከብዳል። ሁለት ወፍራም የባሕር ዛፍ አጣና ከመሬት ወደ መጋዙ አልጋ ይጋደማል። ያ መወጣጫው ነው። አንድ ጫፉ መጋዙ ላይ የታሰረ ገመድ ከግንዱ ሥር ዞሮ፣ በላዩ ተመልሶ፣ ከመጋዙ ማዶ በላይ በኩል ላሉት አራት ሳቢዎች ይደርሳል። እነሱ ሲስቡ ግንዱ እየተንከባለለ ይወጣል። በየእመርታው ደግሞ ከግራና ከቀኝ የቆሙ ሁለት ሰዎች ወደ ኋላ እንዳይመለስ ከጎን ሆነው ሽብልቅ ያስገባሉ። ሳቢዎቹ ግንዱን ለመያዝ ተረከዛቸውን መሬት ውስጥ ይተክሉና ወደ ኋላ ይንጋለላሉ፤ መቀመጫቸው ሣር ሊነካ ምንም አይቀረውም። ላላወቀ ሰው ጋደም ብለው የሚጫወቱ ይመስላል። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ።

በግራ በኩል ሽብልቅ የሚያስገባው ልየው ራሱ ነበር። ለቀኙ ደቦው ውስጥ ሰው ሲመርጥ ዓይኑ አንማው ላይ ዐረፈ። አንማው የጎረቤቴ የአያ ስንሻው ልጅ ነው፤ ያላቸው እሱ ብቻ ነው። የአያ ስንሻው ዓይን ከደከመ ቆይቷል፤ ከበሩ እስከ በረቱ በዳበሳ ነው የሚሄዱት። ቤቱ የቆመው በአንማው ጉልበት ነው። ያ ልጅ ሲያርስ አይታችሁት ቢሆን! በሬዎቹን አይገርፍም፤ ያወራቸዋል። ለሰው ግን የወሬ ሀብት የለውም፤ «እሺ» እና «ደህና» ካለ ለዚያ ቀን በቃው። ልየው ጥቂት አየውና «አንተ አፍ የሌለህ፣ ና ወዲህ! እንዲህ ያለ ሰው ነው የምፈልገው» አለው።

አሁን ባላምባራስ ጓንጉልን ላስተዋውቃችሁ። ባላምባራስ የነበሩት አያታቸው ናቸው። ማዕረግ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ጋሻ ለልጅ ልጅ የሚወረስ መስሏቸው፣ እሳቸውም ባላምባራስ ሆኑ። ማንም አልሾማቸው፣ ማንም አልሻራቸው። አንድ ጊዜ «አቶ ጓንጉል» ያላቸው ሰው ሁለተኛ አይላቸውም። ክፉ ሰው ነበሩ ብል ሐሰት ነው። በሬ ለጎደለበት በሬ ያውሳሉ፤ ዘር ለጎደለበት ዘር ይሰጣሉ። ግን የሰጡትን ሁሉ የሚያስከፍሉት በአንዲት ቃል ነው፤ ኖር በምትባለው። ሲገቡ ቤቱ በሙሉ ብድግ ብሎ «ኖር!» ካላለ የበሉት አይስማማቸውም። አንድ ሠርግ ላይ ሙሽራው ከሚዜው ጋር እያወራ ሳይነሣላቸው ቀረ፤ ወጥተው እንደገና ገቡ። በሦስተኛው ሙሽራው ተነሣ።

በዚያ በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ባላምባራስ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ሥራውን ሊጎበኙ መጡ። እኔ ትንሽ ፈንጠር ብዬ የወጣውን ጣውላ እደረድር ነበር። ግንዱ መወጣጫው መካከል ላይ ደርሷል፤ ሳቢዎቹ ተንጋለው ይዘውታል፤ አንማው ቁጢጥ ብሎ፣ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ፣ ሽብልቁን ሊያስገባ ነው። ባላምባራስ ደርሰው ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ሳቢዎቹ ሊነሡ ሲቃጣቸው ልየው «የሚለቅ እጁን እቆርጠዋለሁ!» ብሎ ጮኸ። እነሱም ባሉበት ሆነው «ኖር፣ ኖር» እያሉ በአፋቸው አጉረመረሙ። አንማው ግን አላጉረመረመም፤ አልዞረምም። ዓይኑ ከግንዱ ላይ አልተነሣም። ሽብልቁን በመዶሻ መታ፣ መታና «ገባ!» አለ። ከዚያ ወዲያ ነው ቀና ያለው፤ ባላምባራስ ግን ያን ጊዜ ፊታቸውን አዙረው ወደ መጡበት እየሄዱ ነበር።

ወደ ቤታቸው የሄዱ መስሎን ነበር። ለካ የሄዱት ወደ አያ ስንሻው ቤት ነው።

ያን ዕለት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የተዋስኩትን ሞፈር ልመልስ ስገባ ባላምባራስ ገና ደጁ ላይ ቆመው ነበር፤ አልቀመጥም ብለው። አያ ስንሻው በዕድሜ ታላቃቸው ናቸው፤ ሆኖም ባላምባራስ አንተ እያሉ ነው የሚያናግሯቸው።

«ስንሻው፣ ልጅ አላሳደግህም!» አሉ። «በስንት ሰው ፊት ጀርባውን ሰጠኝ። ተንጋለው ከተኙት እንኳ አፍ ወጥቷል፤ ካንተ ልጅ ግን አፍም ጠፋ፣ ጉልበትም ጠፋ። ነገ አገሩ ምን ይላል? ስንሻው አስተምሮ ላከው አይልም?»

ይህን ብለው ባላምባራስ ሄዱ። አንማው ሰጋቱራ ከጠጉሩ ላይ እያራገፈ ሲገባ አያ ስንሻው «ልጄ» አሉት። «ባላምባራስ መጥቶ ሳትነሣለት ቀረህ?»

«ግንድ ላይ ነበርኩ አባ። ሽብልቁ አልገባም ነበር።»

«አፍህም ላይ ሽብልቅ ገብቶበት ነበር?»

አንማው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አያ ስንሻው ግን አልሳቁም።

«እኔ ሰውየው ባላምባራስ ሆነ አልሆነ ምኔም አይደል» አሉ። «ግን ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። እኔ ከአባቴ የተረፈኝ ይሄው ነው። ዓይኔ ከደከመ ወዲህ እንኳ ኮቴ ስሰማ እነሣለሁ፤ ውሻም ቢሆን ኮቴው፣ እነሣለሁ። ለእኔ ስትል ነገ ሲመጣ ተነሣና ኖር በለው። አንዲት ቃል ናት፤ ምን ትከብድሃለች?»

«እሺ አባ» አለ አንማው። «ነገ ተነሥቼ ኖር እለዋለሁ።»

ይህን ቃል የሰማሁ እኔ ነኝ። ስለዚህ ማንም ልጁ እልከኛ ነበር ቢለኝ አልሰማውም።

ነገሩ በዚያው በረደ ብለን ነበር። ግን ባላምባራስ በዚያው ምሽት ለሳቢዎቹም ቤት ለቤት ወቀሳቸውን አዳርሰዋል። በሬ የተዋሰው ስለ በሬው፣ ዘር የተቀበለው ስለ ዘሩ ተነገረው። በማግሥቱ ሳቢዎቹ ገመድ የያዙት አንድ ዓይናቸውን መንገድ ላይ አድርገው ነበር። ልየው ይህን አየና «ምን ትጠብቃላችሁ? ሙሽራ ነው?» ብሎ ሰደባቸው።

ያን ቀን የተነሣው ቁራጭ ትልቁ ነው፤ የግንዱ ሥር። ረፋዱ ላይ ከመወጣጫው ሁለት ሦስተኛ ላይ ደርሷል። ልየው በግራ በኩል ሽብልቁን አስገብቶ «ገባ!» አለ። በቀኝ በኩል አንማው ሽብልቁን ከአጣናው ጋር እያስተካከለ ነው፤ ገና አልመታውም።

ባላምባራስ መጡ። ያን ቀን የመጡት በትናንቱ መንገድ አይደለም። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አቋርጠው፣ ከታች በቁልቁለቱ በኩል ነው የወጡት፤ ቀጥ ብለው ከመወጣጫው ግርጌ፣ ከግንዱ በታች ቆሙ። ለመታየት ከዚያ የተሻለ ቦታ አልነበረም። ሳቢዎቹ ከላይ ሆነው፣ በግንዱ አናት አሻግረው፣ ነጩን ጋቢ አዩት።

«ሰውዬ!» ብሎ ጮኸ ልየው። «ከዚያ ይውጡ! ይውጡ ብያለሁ!»

ባላምባራስ አልወጡም። «ይውጡ» መባልን ከማያውቁት ሰው፣ ያውም በሕዝብ ፊት! ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው ደረታቸውን ነፉ።

«ዛሬም ተኝታችሁ ነው የምትቀበሉኝ?» አሉ። «ዛሬም ኖር የሚል ጠፋ?»

እንግዲህ ምን ልበላችሁ? አራት ጎልማሳ ወንዶች፣ ሚስት ያላቸው፣ ልጅ ያላቸው፣ ግንድ ምን እንደሆነ የሚያውቁ፣ አራቱም ተነሡ። አንዱ ባርኔጣውን ሊያወልቅ፣ አንዱ እጅ ሊነሣ ተነሡ። «ኖር!» አሉ በአንድ አፍ። እንደዚያን ዕለት አምሮ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ገመዱም በሣሩ ላይ እየተሽሎከሎከ ሄደ።

ግንዱ በልየው በኩል ሽብልቅ ስላለው አልተንከባለለም፤ በአንማው በኩል ግን ዞረ። እንደ በር ዞረ። አንማው ከጎን ነው ያለው፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቢል ኖሮ ግንዱ አልፎት ይሄድ ነበር። ያን እርምጃ ለመራመድ ጊዜም ነበረው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ቀና አለ። ባላምባራስን አያቸው፤ እሳቸው ገና «በእግዜር» ሊሉ አፋቸውን እየከፈቱ ነው። ከዚያ ልጁ ወደ ኋላ በማለት ፋንታ ወደ ውስጥ ገባ፤ ማንም እንዳይቆምበት በተባለው ቦታ ገብቶ ሽብልቁን በሁለት እጁ ግንዱ ሥር ወተፈው። ያዘው። ጥቂት ያዘው፤ ባላምባራስ ከዘራቸውን ጥለው ወደ ቁጥቋጦው እስኪዘሉ ድረስ ያዘው። ከዚያ ሽብልቁ ተፈናጥሮ ወጣ፤ ግንዱም እግሮቹ ላይ ዐረፈ።

ጩኸቱን አልነግራችሁም።

ግንዱን አንሥተን ልጁን ስናወጣ ባላምባራስ ከቁጥቋጦው ወጥተው ጋቢያቸውን እያራገፉ ነበር። «ሚካኤል አወጣኝ! ሚካኤል አወጣኝ!» ይሉ ነበር። እኔ ያን ዕለት ሚካኤልን አላየሁትም። ያየሁት የስንሻውን ልጅ ነው።

ቃሬዛ የሚሆን ነገር ሲጠፋ ትናንት ከወጣው ጣውላ አንዱን አንሥተን በእሱ ላይ አስተኛነው። የድልድዩ የመጀመሪያ ጣውላ መሆኑ ነው። ስምንት ሆነን ተሸክመን ሽመል ወንዝ ደረስን። መስከረም ገና አጋማሹ ነው፤ ወንዙ አልጎደለም፤ ድልድዩም ገና በእኛ ትከሻ ላይ ነው ያለው። ውኃው እስኪቀንስ ዳር ላይ ቁጭ ብለን ጠበቅን። እንደ ምጥ ሴት ጠበቅን። ልጁ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ። «ኖር አላልኩትም፤ ለአባ አትንገሩት» አለ።

ከጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ላኩት። የቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። ግራው ተረፈ ይባላል፤ አይታጠፍም፣ አይቆምበትም፣ ግን ተረፈ ይባላል። ሰዎች እያጽናኑ «ነፍሱ ከወጣችስ? እግዜር ሲያስተርፍ እንዲህ ነው» ሲሉ እናቱ «የማን ቤት ፈርሶ የማን ቤት ሊበጅ!» አለች።

በሬዎቹ ለእኩል አራሽ ተሰጡ። አራሹ ይገርፋቸዋል፤ አንማው ከመደቡ ላይ ሆኖ የጅራፉን ድምፅ ይሰማል። ልየው የቀረውን ግንድ ሰንጥቆ ጨረሰ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ስድብ ከአፉ አልወጣም፤ ለማንም ደህና ሁኑ ሳይል መጋዙን አስጎትቶ ሄደ። አራቱ ሳቢዎች እስከ ዛሬ እርስ በርስ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። ባላምባራስ ደግሞ ከሞት ስላወጣቸው ለሚካኤል ባለ ዘርፍ ዣንጥላ አስገቡ። በስለት ቀን ስማቸው ሲጠራ ቆመው ሰሙት።

ድልድዩ ለኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ያማረ ድልድይ ነው፤ ያ ዝግባ ሞቶም አኮራን። ባላምባራስ ንግግር አደረጉ፤ በአያታቸው ስም ቢጠራ ምን ይመስላችኋል አሉ። ሕዝቡ መሬት መሬት አየ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጠጋ ብሎ «ባላምባራስ፣ ያንን ልጅ እስካሁን አልጠየቁትም። ዛሬ እንኳ ቢሄዱ» አላቸው። እሺ አሉ። አንድ ሙክት አስጎተቱና፣ መንገድ ላይ ያዩአቸውን ሁሉ አስከትለው፣ ወደ አያ ስንሻው ቤት አቀኑ።

እኔ ቀድሜ እዚያ ነበርኩ። ቤቱ በበዓል ጠያቂ ሞልቷል። አንማው ብርድ ልብስ ለብሶ መደቡ ላይ ነው፤ አባቱ አጠገቡ። በሩ ላይ ኮቴ ተሰማ፤ ነጩ ጋቢ ጎንበስ ብሎ ገባ። ልማድ ነውና ቤቱ በሙሉ ግር ብሎ ተነሣ።

«ኖር! ኖር!»

አንማውም ሁለት እጁን ከግራና ከቀኙ መደቡ ላይ ተከለ። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ራሱን ወደ ላይ ገፋ። ለአባቱ የገባውን ቃል አስታውሶ ይሁን፣ እንዲሁ የጉልበት ልማድ ሆኖበት፣ አላውቅም። ብርድ ልብሱ ተንሸራተተና ያለው እግርም የሌለው እግርም ታየ።

ባላምባራስ ከፀሐይ ገብተው ዓይናቸው ገና ቤቱን አልለመደም። እንደ ወትሯቸው እጃቸውን እያወዛወዙ፣ ደስ ብሏቸው፣ «በእግዜር! በእግዜር! ኧረ አትነሡ፣ አትነሡ ልጆቼ!» አሉ።

ከዚያ አዩት።

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። የተነሣው ሰው ሁሉ ማንም ተቀመጥ ሳይለው እንደቆመ ቀረ። ከውጭ የሙክቱ ድምፅ ይሰማል። ባላምባራስ ወደ አባትየው ዞሩና «ስንሻው፣ እንዴት ዋልህ?» አሉ።

ለውሻ ኮቴ ሳይቀር ይነሡ የነበሩት አያ ስንሻው ብቻ በዚያ ቤት ውስጥ አልተነሡም ነበር። በዳበሳ የልጃቸውን ትከሻ ፈልገው አገኙት፤ ቀስ አድርገው ወደ መደቡ መለሱትና፣ እንባቸው በጉንጫቸው ላይ እየወረደ፣ ድምፃቸውን ግን ሳያነሡ እንዲህ አሉት፦ «ቁጭ በል ልጄ፤ ኖር በሉኝ ባይ ግንድ ያስለቅቃል።»